የመጀመሪያ መኪናችሁን ዛሬ ብትነዷት፦ አንድ የእሑድ ጠዋት ከቮልስ ጋር

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መንዳት የተማራችሁባት የመጀመሪያዋ መኪና ቁልፍ ዛሬ እጃችሁ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሰማችኋል? ገና መንጃ ፈቃድ ያላወጣችሁ ከሆነ ደግሞ የአባታችሁን ወይም የአክስታችሁን የመጀመሪያ መኪና አስቡ። በየቤቱ አልበም ውስጥ ኮፈኗ ላይ ልጅ የተቀመጠባት አንዲት መኪና አትጠፋም።

እኔን ይሄ ነገር በቅርቡ ገጠመኝ። የእኔ የመጀመሪያ መኪና የአባዬ ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች፣ ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከእናቴም በዕድሜ የምትበልጥ። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። አባዬ ጡረታ ሲወጣ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ከድሮ መካኒኩ ጋር ሆኖ አስነሳት። አንድ ቅዳሜ ማታ ቁልፉን ሰጠኝና «ነገ ዞር ዞር በልባት፤ ደህና ከሆነች እህትህን ታስተምርባታለህ» አለኝ።

ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። እኔ የሜካኒካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ስነሳ ሁለት ጥያቄ ይዤ ነበር። አንደኛው፣ ቮልሷ እንደማስታውሳት ናት ወይ? ሁለተኛው ደግሞ ከበድ ይላል፦ እህቴን ላስተምርባት ወይ?

ከየት መጣች?

ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1930ዎቹ የነደፋት በናዚ መንግሥት ትእዛዝ ነበር። ሠራተኛው ሕዝብ በየሳምንቱ 5 ማርክ እያስቀመጠ ቴምብር እንዲለጥፍና ደብተሩ ሲሞላ መኪና እንዲረከብ ቃል ተገባለት። ከ300,000 በላይ ሰዎች ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣና በዚያ ቁጠባ አንድም ሰው መኪና አልተረከበም። ፋብሪካው ለጦር ኃይሉ ማምረት ጀመረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተገደው ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የፈራረሰውን ፋብሪካ ያስነሳው አይቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ቮልስ ከ15 ሚሊዮን በላይ በመመረት የፎርድን «ሞዴል ቲ» ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ በሐምሌ 2003 ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21.5 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

እኛም አገር መምህሩም የመንግሥት ሠራተኛውም ይነዳት ነበር። በታሪካችን ውስጥ ግን በጣም የታወቀችው ቮልስ ሌላ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ያን ያህል ሊሙዚን የነበራቸው ሰው በሁለት በር መኪና ጎንበስ ብለው ሲገቡ ያየው ትውልድ፣ ዘመን መለወጡን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ማስነሳት

ወደ እሑድ ጠዋት እንመለስ። በሩን ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ የቤንዚን ሽታ ነው። «አሃ፣ ይሄ ነው ልጅነቴ!» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የመሐንዲስ ጭንቅላቴ ነቃ። የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ነው ያለው፤ ከጉልበቴ ፊት ለፊት። የምወደው ሽታ ሳይቃጠል አየር ላይ የተበተነ ነዳጅ ነው። ትዝታና ብክለት አንድ ዓይነት ሽታ ሊኖራቸው ይችላል።

ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ቁልፉን ሳዞር ትንሽ አጉረመረመና ያንን የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፁን ጀመረ። ሰፈራችን ውስጥ አባዬ ከሥራ መምጣቱን የምናውቀው በዚህ ድምፅ ነበር።

መብራቱን አበራሁት። በራ ለማለት ያህል ነው። የዚህች መኪና ባትሪ 6 ቮልት ነው፤ የዛሬዎቹ ግን በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው። ይሄ ለምን ልዩነት ያመጣል? አንድ ባለ 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ይበቃዋል። በ6 ቮልት ግን እጥፉን፣ 7.5 አምፔር ይፈልጋል። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ደግሞ የሚጨምረው በአምፔሩ ስኩዌር ነው። ስለዚህ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦው ሲያረጅና መገናኛው ሲዝግ ለአምፖሉ የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል። አባዬ «ሲመሽ አልነዳም» የሚለው ፈርቶ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያሰላ ነበር።

ቁልቁለት

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። መሪው ምንም ረዳት ኃይል የለውም፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ግን ፊቷ ቀላል ነው፣ አይከብድም። ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ የነዳጁ ፔዳል፣ ሁሉም በሽቦ ወይም በብረት ዘንግ ከእናንተ እግርና እጅ ጋር የተገናኙ ናቸው። የሞተሩን ንዝረት በጫማችሁ ትሰማላችሁ። በዛሬ መኪና የነዳጅ ፔዳሉን ስትረግጡ ለኮምፒውተር ጥያቄ እያቀረባችሁ ነው። በቮልስ ግን ቀጥታ የሞተሩን ጉሮሮ ትከፍታላችሁ።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ስይዝ አባዬ ያኔ ያስተማረኝ ትዝ አለኝ፦ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።» ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ።

ይሄ ምክር ፊዚክስ ነው። መኪናዋ እኔን ጨምሮ 820 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። 100 ሜትር ከፍታ ስትወርድ 800 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ሻይ የሚያጠጣ ኃይል ነው። ፍሬን ብቻ ከያዛችሁ ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው ጎማው ውስጥ ባሉት ከበሮ መሰል ፍሬኖች ነው። ሸራው ሲግል ደግሞ መያዙን እያቆመ ይመጣል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ከሆናችሁ ግን ሥራውን ሞተሩ ይካፈላል። በኤሌክትሪክ መኪና ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ከኃይሉ ብዙውን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። አባቶቻችን በማርሽ ያደርጉት የነበረውን ሶፍትዌር ተረከበው ማለት ነው።

ልክ መሀል ላይ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ቀጥ አለ።

ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ የለመደው የዛሬ ፍሬን ነው፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት የሚይዝ። ይሄኛው አልያዘም። ደግሜ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት፤ መኪናዋ ወደ ግራ ሳብ አደረገችኝና ከሚኒባሱ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አይ ቮልስ! ዕድሜ ይስጥሽ!» አለ። እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። እናንተም አብራችሁ አስሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። ጥሩ ፍሬን ያለው የዛሬ መኪና በደረቅ አስፋልት ፍጥነቱን በየሰከንዱ 8 ሜትር በሰከንድ ያህል ሊቀንስ ይችላል እንበል። ለቀድሞው ዘመን ፍሬን 5 እንስጠው። የፍጥነቱን ስኩዌር ለቅነሳው እጥፍ ስናካፍል አዲሱ መኪና ፍሬን ከያዘበት 17 ሜትር ላይ ይቆማል፤ አሮጌው ደግሞ 28 ሜትር ላይ። የ11 ሜትር ልዩነት ብዙም አይመስልም። እስቲ ጥያቄውን እንቀይረው፦ አዲሱ መኪና ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ አሮጌው ስንት ላይ ነው? በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። በዚያ ፍጥነት ግድግዳ መግጨት ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው።

ዳገት

ከለገሃር ወደ ላይ ስመለስ ነገሩ ሌላ ሆነ። በመጽሐፉ መሠረት የቮልሷ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት አለው። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 34ቱ ፈረሶች 26 ያህል ይሆናሉ። ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ የለመደውን ያህል ነዳጅ ይሰጣል፤ የተረፈው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። አባዬና መካኒኩ የነዳጅ ማለፊያዋን ቀዳዳ በጠባብ የሚቀይሩት ለዚህ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። እንጦጦ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ስለ ቻርጅ ማድረጊያውም ስለ ዋጋውም መከራከር ይቻላል። በዳገት ጉዳይ ግን ፊዚክሱ ለደጋ አገር ያደላል።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰትን ስንወጣ አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰማ አልፎን ሄደ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ቮልሷ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው በዙሪያዋ ያለው መንገድ ነው። እሷ አዲስ በነበረችበት ዘመን አብረዋት የሚሄዱት ብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ነበሩ። ዛሬ ጎኗ የሚሄደው መኪና ብዙውን ጊዜ ክብደቱ እጥፏ ነው። በፍጥነት እኩል የሆኑ አንድ ቀላልና አንድ እጥፍ ክብደት ያለው መኪና ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ የቀላሉ የፍጥነት ለውጥ የከባዱ እጥፍ ይሆናል። ጉዳቱን የሚሸከመው ትንሹ ነው።

ወንበሩ ላይ የሌለው ነገር

ቤት ስደርስ መኪናዋን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። እጄ ሳላስበው ወደ ትከሻዬ ሄደ፤ ቀበቶ ሊፈታ። ቀበቶ የለም።

ዛሬ የምናውቀውን በሦስት ነጥብ የሚያዝ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ነው። ኩባንያው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ፓተንቱን ክፍት አደረገው። የግጭቱን ኃይል እየተጨማደደ የሚውጥ የመኪና ፊት የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት «ጥሩ መኪና» ማለት የማይጨማደድ መኪና ነበር። ብረቱ ካልተጨማደደ ግን ኃይሉን የሚቀበለው ሰው ነው። የሚገርመው ይሄው ባሬኒ ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1920ዎቹ፣ ቮልስን በጣም የሚመስል ባለ ኋላ ሞተር የሕዝብ መኪና ንድፍ ሠርቶ ነበር። ሕዝብ ሁሉ የሚገዛውን መኪና ያለመው ሰው፣ ኋላ ላይ ደግሞ ሕዝብ ሁሉ የሚተርፍበትን አሰበ።

ይሄን ሁሉ ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ነዳኋት። ምን ሆንኩ?»

ይሄን አነጋገር ታውቁታላችሁ። በየቤቱ አለ። «እኛ ያለ ቀበቶ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» ሳይንስ ለዚህ ስም አለው፤ የተራፊዎች አድልዎ ልንለው እንችላለን። «ምን ሆንኩ?» ብሎ የሚጠይቀው ምንም ያልሆነው ሰው ብቻ ነው። የሆነው ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ አይከራከርም። ስለዚህ የድሮ መኪና ታሪክ ስንሰማ የምንሰማው ከተራፊዎቹ አፍ ነው፤ መረጃው ገና ከምንጩ ተመርጧል።

ይሄን ስለው አባዬ ዝም አለ። ስኒውን አስቀመጠና አንድ አብሮት ያስተምር የነበረ ጓደኛውን አነሣ። ከክፍለ ሀገር ሲመለስ በሌላ መኪና ተጋጭቶ የሞተ ሰው ነው። «መሪው ነው ደረቱን የመታው አሉ» አለኝ። በዚያ ዘመን የመኪና መሪ ዘንግ ባብዛኛው ከፊት ጀምሮ እስከ ደረት የሚደርስ አንድ ግትር ብረት ነበር፤ ሲገፋ የሚታጠፍ ዘንግ የተለመደው በኋላ ነው። አባዬ ስለ ጓደኛው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቮልሷ ግን ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ምን ወሰንን?

እህቴ የከተማ መንዳት የምትማረው ቀበቶና ጥሩ ፍሬን ባለው የማሠልጠኛ መኪና ነው። ይሄን ስወስን አባዬ አልተቃወመም። ቮልሷን ግን መልሰን ሸራ አላለበስናትም። እሑድ እሑድ እህቴና እኔ የኋላ ኮፈኗን ከፍተን እንሠራለን። ካንዴላ ትፈታለች፣ ታጸዳለች፣ መልሳ ታስራለች። ቀለሙን አይታ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት እንደሆነ ታውቃለች። ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቃ ሲጠፋባት አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ ይስቃል።

መካኒኩ አንድ ቀን ሲያስተምራት ቃላቱን ልብ ብዬ ሰማኋቸው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስኮርታ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ በጋራዥ በኩል አማርኛ ውስጥ ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ካንዴላም ማርሚታም የለውም። ፍሬቻ ትቀራለች። የቀሩት ቃላት ከዕቃዎቹ ጋር ይጠፉ ይሆን ወይስ ሌላ ሥራ ያገኛሉ? ይሄንን እናንተ ናችሁ የምታዩት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ ይሄ ነው፦ አዎ፣ ቮልሷ እንደማስታውሳት ናት። እንደማስታውሰው ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ያኔ መኪናው የማይሠራውን ሁሉ እኔ እሠራ ነበር፤ ሞተሩን መስማት፣ ማርሹን መምረጥ፣ ርቀቱን መገመት። እነዚህን በማወቄ ደስ ይለኛል። መኪናው ሊያደርግልኝ የማይችለውን ደግሞ፣ ከግጭት ማትረፍን፣ ማንም አያደርግልኝም ነበር። ያኔ አላወቅኩትም።

እናንተም በዚህ ሳምንት አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ስለ መጀመሪያ መኪናቸው ጠይቋቸው። ደስ የሚል ታሪክ ይነግሯችኋል፤ እስኪጨርሱ አዳምጡ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ያኔ አብሯችሁ ይነዳ ከነበረው ሰው ዛሬ የሌለው ማነው?»